ኔትወርክ ሲመለስ የረሳነው ጥያቄ

በ2014 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ደሴ ከሰሜን ወሎ በመጡ ተፈናቃዮች ተጨናንቃ ነበር። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም ነበር። የጦርነቱ ወሬ የሚደርሰን በፌስቡክና በቴሌግራም ስለነበር፣ ወሬውን የሚጠራጠረውም ሰው ሌላ የሚያየው አጥቶ መልሶ ይከፍተዋል። አንዲት ጎረቤታችን እናት «ከጥይቱ በፊት ይሄ ስልክ ጨረሰን» ይሉ ነበር። ልጃቸው ወልድያ ቀርቶባቸው ስለነበር ግን ስልኩን ሌሊትም ከራስጌያቸው አይለዩትም።

የእኚህ እናት ሁኔታ የሁላችንም ነበር። በቀውስ ጊዜ ስለ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያለን አመለካከት የሚወጣውና የሚወርደው በጭንቀታችን ልክ ነው፤ ኩባንያዎቹ የሠሩትን ወይም ያልሠሩትን መዝነን ፍርድ የሰጠንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚሊዮኖች የፌስቡክ ተጠቃሚዎች የግል መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ በተባለ ድርጅት እጅ መግባቱ በታወቀ ጊዜ፣ ማርክ ዙከርበርግ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ዓለም በቁጣ ተመልክቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሮና ሰዉን ቤቱ ሲያስቀምጠው ያ ቁጣ በረደ። በ2019 መጨረሻ በቀን 10 ሚሊዮን ያህል የስብሰባ ተሳታፊ የነበረው ዙም በሚያዝያ 2020 ቁጥሩ 300 ሚሊዮን ደርሷል፤ በዚያው ወር መግቢያ ላይ የኩባንያው ኃላፊ ኤሪክ ዩዋን ለደኅንነትና ለግላዊነት ጉድለቶች ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን መጨመሩን አላቆመም። በደሴም በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጆቻችን የትምህርት ወረቀት በቴሌግራም ሲደርሰን፣ መልእክታችን የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው የጠየቀ ወላጅ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ 2014ቱ ልመለስ። በጥቅምት ማገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ሲገቡ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ትዊተር መነጋገሪያ የሆኑ ርዕሶችን የሚያሳየውን ክፍል በኢትዮጵያ ለጊዜው መዝጋቱን ያስታወቀው በእነዚያ ቀናት ነበር፤ እኛ ግን በጨለማ ውስጥ ሆነን ስለ እርምጃው የምንሰማበት መንገድ እንኳ አልነበረንም። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመልሰው ከገቡና ኔትወርክ ከመጣ በኋላ፣ ከአዲስ አበባና ከዐረብ አገር የደወለው ዘመድ ሁሉ ቀድሞ የሚለን «አብሽሩ» ነበር። ጎረቤታችንም የልጃቸውን ፊት በቪዲዮ ሲያዩ ስልኩን ሳሙት። በጥቅምት የረገሙት ያንኑ ስልክ ነበር።

ያ ደስታ የሚገባቸው ነበር፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። የሚያሳስበኝ ከደስታው ጋር አብሮ የተረሳው ነው። ከተማችን ከመያዟ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ፣ መስከረም 25 ቀን፣ የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ የኩባንያው አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ተናግራ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን ደግሞ፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ራሱ ያቋቋመው ተቆጣጣሪ ቦርድ፣ በራያ ቆቦ ተፈጸመ ስለተባለ ግፍ በአማርኛ የተጻፈና የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችን ያለ ማስረጃ ተባባሪ ያደረገ ጽሑፍ መነሣቱን አጽድቆ፣ መድረኮቹ በኢትዮጵያ ጥላቻንና ግጭትን በማስፋፋት ያላቸው ድርሻ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ጠየቀ። ቆቦ የጎረቤታችን አገር ናት። ውሳኔው ሲወጣ ግን ደሴ የተዘረፈ ሆስፒታሏን እየቆጠረች፣ ሰዉም የጠፋ ዘመዱን እየፈለገ ነበር፤ ይህን የሚያነብ ልብ ከየት ይመጣል?

ሕግም የሚደርሰው እንዲሁ ዘግይቶ ነው። በግጭቱ ጊዜ በፌስቡክ ስለተሠራጩ የጥላቻ ጽሑፎች በሜታ ላይ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። እዚያ ለመድረስ ከሳሾቹ ከሁለት ዓመት በላይ ታግሠዋል፤ የእኛ ቁጣ ግን ከአንድ ክረምት አላለፈም።

እኔ ራሴ በዚያ መስከረም በአንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ፣ በሰፈራችን የሚኖሩ ሰዎችን ስም ዘርዝሮ «ሰርጎ ገቦች» የሚል ጽሑፍ አይቼ ሪፖርት አድርጌ ነበር። ከስም ዝርዝሩ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና የምንጠራራቸው ሰዎች ነበሩበት። መልሱን ያነበብኩት ኔትወርክ ሲመለስ፣ በታኅሣሥ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው መልእክት ጽሑፉ የኩባንያውን ደንብ እንደማይጥስ ይገልጻል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይህን ይል ነበር ብዬ አላምንም። ያን ቀን ግን ተናድጄ ሳልጨርስ የእኅቴ ጥሪ ገባና መልእክቱን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም አላነሣሁትም።

አሁን የማነሣው ስለ ኮምቦልቻ ሳስብ ነው። በከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ በባቲ በኩል አፋርኛ፣ ከደሴ አማርኛ በየቀኑ በሚገናኙባት ከተማ፣ በአንዱ ቋንቋ የተጻፈ ሐሰት በሰዓታት ውስጥ በሌሎቹ ይወራል። ስለዚህ እነዚህ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ቋንቋ ስንት ሰው እንደመደቡ፣ ሪፖርት ያደረገ ሰውም በስንት ሰዓት ውስጥና በየትኛው ቋንቋ መልስ እንደሚያገኝ ለሕዝብ እንዲገልጹ፣ የሕዝብ ተወካዮቻችንና ዩኒቨርሲቲያችን በጽሑፍ ሊጠይቋቸው ይገባል። ይህ ደብዳቤ መጻፍ ያለበት መንገዱ ክፍት፣ ስልኩም የሚሠራ በሆነበት በዚህ ሰሞን ነው።