እኔ ብሆን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሲባጎ ጫፍ በጥርሴ ነክሻለሁ። በአንድ እጄ አጣና፣ በሌላው መዶሻ። አንድ ሰውዬ አጥሬን ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆየና፣

«እኔ ብሆን እዚህ ጋ አልሠራውም ነበር» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ሲባጎው አፌ ውስጥ ነው።

የምሠራው የዶሮ ቤት ነው። ለሰባት ዶሮ። ፎቅ አይደለም፣ ግድብ አይደለም። ችግሩ መሬቱ ነው። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፤ «ሜዳ» የሚለውን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር አለኝ። ሜዳ ማለት ጃን ሜዳ ነው። እዚያ ኳስ ብታስቀምጥ ኳሱ ባለበት ይቆይሃል። እኛ ጋ ኳስ ያመለጠው ልጅ ስድስት ኪሎ ወርዶ ነው የሚያመጣው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንኳን እንጦጦ ላይ ዓመታት ከከረሙ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ብርዱ ነው፣ የማገዶ እጥረት ነው ይባላል። እኔ ግን እዚያ ላይ የዶሮ ቤት ሊሠሩ ሞክረው ይመስለኛል።

ለማንኛውም፣ ያገኘሁት ቦታ 2 በ3 ሜትር ነው። በሦስቱ ሜትር ውስጥ መሬቱ 70 ሳንቲም ይወርዳል። ወለሉ በላይኛው በኩል ከመሬት 40 ሳንቲም ከፍ ካለ፣ በታችኛው በኩል ቋሚዎቹ 1 ሜትር ከ10 ይሆናሉ ማለት ነው። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። ከባዱ ነገር ሲባጎውን ከላይ እስከ ታች ወጥሮ ልኩን ማየት ነው። ሲባጎ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ሁለት ጫፍ አለው።

እኔ አንድ ነኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ሰው ተፈራርቆብኛል። አንዱ «ቆርጠህ ደልድለው፣ ምን አጣና አስለመነህ» አለ። ሁለተኛው «እንዳትቆርጠው! የሞላኸው አፈር ሐምሌ ላይ ተጠርጎ ይሄዳል» አለ። ሦስተኛው የድጋፍ ግንብ አዘዘልኝ፤ ሲሚንቶውን ማን እንደሚገዛው አልነገረኝም። አራተኛው፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነው፣ የአጣናዎቹን እግር የተቃጠለ ዘይት ካልቀባሁ ምስጥ እንደሚበላቸው አስረድቶኝ ሄደ። አምስተኛው ዶሮዎቹን ሸጬ እንቁላል እንድገዛ መከረኝ። ሁሉም ንግግራቸውን የጀመሩት በ«እኔ ብሆን» ነው። አንዳቸውም አልሆኑም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ የዶሮ ባለሙያ ሆኗል። ዶሮ ያለው ሰው ዝም ይላል፤ መኖው ስንት እንደገባ ስለሚያውቅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። የሚያስተምረው ዶሮ የሌለው ነው።

አንድ ደህና ምክር አግኝቻለሁ፣ አልክድም። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አዩኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ከበላዩ ቦይ ቁረጥለት። ውሃው ዞሮ ይሂድ» አሉኝ። «እኔ ብሆን» አላሉም። ዶማዬን አንስተው በሦስት ምት መስመሩን ጀመሩልኝ። ከዚያ ያንን የሚያክል ሸክም ተሸክመው ወረዱ። ቦዩ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው።

ስለ ዶሮ ከተነሳ አንድ የምወደው ተረት አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አያቴ ቤት ዶሮዎቹ የሚያድሩት ቆጥ ላይ ነበር፤ ሰዉም ከብቱም ዶሮውም አንድ ጣሪያ ሥር። የመሬቱ ተዳፋትነት ዶሮዎቹን አይመለከታቸውም ነበር፤ የአያቴ ችግር ነበር። እና ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሴትዮዋ ብብቷ ሥር የያዘችው ምንድን ነው? ቆጡ ላይስ ምን አይታ ነው የተንጠራራችው? ተረቱ ፍርዱን ነግሮን ክሱን ደብቆናል። የኔ ግምት አንዷን ዶሮ ይዛ ሌላዋን ልታወርድ ነው። አሁን ይሄ ስግብግብነት ነው? ሥራ ነው እንጂ! ማታ ዶሮ የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ሁለት እጅ አይበቃም። ስንት መቶ ዓመት ሙሉ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ አስተማሪዎቻችን በዚህች ሴት ሲሳለቁ ኖሩ። ቤቱ ውስጥ ግን ሰው ነበር፤ ባይኖር ኖሮ ተረቱን ማን አወራው? አይቷታል ማለት ነው። ቁጭ ብሎ አይቷታል። «የብብትሽን ልያዝልሽ» አላላትም። ስትጥል ጠብቆ ተረት አወጣባት።

ወደ ሲባጎው ልመለስ። ውሃ ልክ ቢኖረኝ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ውሃ ልክ ነበረኝ! ቢጫ፣ 60 ሳንቲም፣ ሁለት ዓይን ያለው። ከሦስት ዓመት በፊት የታችኛው ጎረቤቴ የበረንዳውን ሴራሚክ ሊያስነጥፍ «ለአንድ ቀን» ብሎ ወሰደው። አንድ ቀኑ አላለቀም። በወሩ ስጠይቀው «ግንበኛው ጋ ነው» አለ። በዓመቱ «ልጆቹ የት እንዳደረጉት» አለ። ከዚያ በኋላ መጠየቁ እኔን ማሳፈር ጀመረ። ይሄ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዕቃው የኔ፣ የወሰደው እሱ፣ አንገቴን የምሰብረው እኔ። ባለፈው ፋሲካ ቤቴ መጥቶ ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛውን ነው ያወጣንለት። እንግዳ ነዋ! በላ፣ መረቀን፣ ሄደ። በረንዳው ደግሞ ሲያምር። ጢም ያለ ብርጭቆ ብታስቀምጥበት ጠብታ አይፈስም። እና በኔ ውሃ ልክ በተስተካከለው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ፣ ሽቅብ እኔን እያየ፣ ያ ቅዳሜ፣ «ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል» አለኝ። ስድስተኛው ሰው እሱ ነው።

ተናደድኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መዶሻውን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

ግንበኞች ውሃ ልክ ሲያጡ መላ አላቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ውሃ ይሞሉና አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ይይዛሉ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማል፤ አይዋሽም። ቱቦ አገኘሁ። ቱቦውም ሁለት ጫፍ አለው። በመጨረሻ የተማመንኩት በግማሽ ሃይላንድ ውሃ ነው፤ አጋድሜ ጣውላው ላይ አስቀምጬ በዓይኔ ለካሁ።

ማታ ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ተመታ፣ ሽቦው ተወጠረ፣ ሰጋቱራ ተነጠፈ። ለሸለምጥማጥ ብዬ የግቢያቸውን ሽቦ 30 ሳንቲም ወደ መሬት ቀበርኩት። በሩ በታችኛው በኩል ነው፤ ከሱ የሚወርድ መወጣጫ ጣውላም አለው። ኮራሁ።

ኩራቱ ዶሮዎቹ እስኪገቡ ድረስ ነበር። የማደሪያ አጣናቸው ለሰባት ዶሮ ከበቂ በላይ ነው፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲም ቢደርሳት ይበቃታል። ግን አጣናው አንድ ጫፉ ከሌላው አራት ጣት ከፍ ይላል። ዶሮ ደግሞ ማደሪያዋ ከፍ ያለው ቦታ ላይ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ሰባቱም ላይኛው ጫፍ ላይ ተቆላልፈው ሲነካከሱ ያድራሉ። ታችኛው ጫፍ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ጉድ እንቁላሉ ነው። ሣጥን ሠርቼላቸው ነበር፣ ወለሉ ላይ መጣል መረጡ። እንቁላል ቀጥ ብሎ አይንከባለልም። አንድ ጫፉ ሾጠጥ ስላለ ዞር እያለ ነው የሚሄደው። እየዞረ በሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ መወጣጫው አለለት፣ ከመወጣጫው ሣሩ፣ ከሣሩ የአጥሩ ሥር። ከአጥሩ በታች ማን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

ስለ መካሪዎቹ የጀመርኩትን ልጨርስ ነበር። ይህን እየጻፍኩ ግን አጥሩ ላይ አንድ ሰው ክርኑን አስደግፏል። ጎረቤቴ ነው። እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዟል። ለአፍታ ውሃ ልኩ መስሎኝ ልቤ ዘለለ።

እንቁላል ነው። በሁለት ጣቱ ይዞ አቀበለኝ።

«እኔ ብሆን» አለ፣ «በሩን በላይኛው በኩል ነበር የማደርገው።»

ልክ ነው፤ በላይኛው በኩል ከመሬት 40 ሳንቲም ብቻ ነው፣ እንቁላሉም ሽቅብ አይንከባለልም። ግን ሰባት ዶሮ፣ አምስት ቀን፣ አንድ እንቁላል? ማታ ማታ ከበረንዳው የሚመጣው የቅቤና የቃሪያ ሽታ ምን ነበር?