ለመብረር የሚያስብ ቬተራን ዶላሩን ሳይሆን ወራቱን ይቁጠር

አሜሪካ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ የኮሜርሻል ፓይለትና የበረራ አስተማሪ ፈቃድ ይዞ ለመውጣት በብዙዎቹ የግል አካዳሚዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቃል። አገር ቤት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኝ መልምሎ፣ አሠልጥኖ፣ በውል አስሮ ይቀጥራል፤ እዚህ ሥልጠናውን ገዝቶ የሚመጣው ተማሪው ራሱ ነው። በአሜሪካ ጦር አገልግለው የወጡ ልጆቻችን (ቬተራኖች) ጂአይ ቢል የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ጥቅም ለበረራ እንደሚከፍል አብዛኞቹ ሰምተዋል። የአካዳሚ ማስታወቂያ የሚያስረሳቸው ነገር ግን አለ፤ ያው ጥቅም አካዳሚ ሲገቡበትና የመንግሥት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲገቡበት የሚከፍለው ሰማይና ምድር ነው።

ከመስከረም 11 በኋላ ላገለገሉ የወጣው ጂአይ ቢል፣ ማለትም ቻፕተር 33፣ ዲግሪ ለማይሰጥ የበረራ ትምህርት ቤት የሚከፍለው በዓመት እስከ 17 ሺህ ዶላር አካባቢ ብቻ ነው። ለዚያውም ተማሪው የግል አብራሪነት ፈቃዱን በራሱ ወጪ ይዞ መምጣት አለበት፣ የሕክምና ሰርተፊኬትም ይጠየቃል፣ የቤት ኪራይ አበል የሚባል ነገር የለም። በመንግሥት ኮሌጅ ውስጥ በረራው የዲግሪው ግዴታ ሲሆን ግን ሌላ ሕግ ይሠራል። ሙሉ መብት ላለው ሰው የነዋሪ የትምህርት ክፍያና የበረራ ክፍያ ያለ ዶላር ጣሪያ ይሸፈናል፣ ዲግሪው የሚጠይቀው ከሆነ የግል አብራሪነቱም ሥልጠና ጭምር። በላዩ ለመጽሐፍ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፣ ለቤት ደግሞ ቤተሰብ ያለው የኢ-5 ማዕረግ ወታደር በካምፓሱ ዚፕ ኮድ የሚያገኘው አበል ይከፈላል። ይህ እያለ አካዳሚ ገብቶ ቀሪውን በብድር መሙላት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኮሌጆቹ ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ከሲያትል በስተደቡብ ኦበርን ላይ ግሪን ሪቨር፣ ተራራውን ተሻግሮ ሞዝስ ሌክ ላይ ቢግ ቤንድ፣ በሜሪላንድ የባልቲሞር ካውንቲ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ በሰሜን ኮሎራዶ ኤምስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ ታራንት ካውንቲ ኮሌጅ የፓይለት ትምህርት ይሰጣሉ። አብዛኞቹ የእኛ ሰው በብዛት ካለበት ከተማ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ኮሚኒቲ ኮሌጅን «ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የሚሄድበት» አድርጎ የማየት ልማዳችን እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ ፈቃድ ሲሰጥ የኮሌጁን ስም ዝና አይመዝንም።

መጀመሪያ የሚጣራው መቶኛው ነው፣ ማለትም ጂአይ ቢሉ ከክፍያው ስንቱን እንደሚሸፍን። 100 በመቶ የሚያገኘው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 10 ቀን 2001 በኋላ ቢያንስ 36 ወር በአክቲቭ ዲዩቲ (በሙሉ ጊዜ ውትድርና) ያገለገለ፣ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠውን ፐርፕል ኸርት የተሸለመ፣ ወይም በአገልግሎት ላይ በደረሰ ጉዳት የተሰናበተ ነው። 18 ወር ያገለገለ 70 በመቶ ያገኛል። ይህ ቁጥር በሌላ ትምህርት ላይ እዚህ ግባ የማይባል ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በረራ ላይ ግን ያማል። የሁለት ዓመቱ የበረራ ክፍያ 80 ሺህ ዶላር ነው ብንል፣ ባለ 70 በመቶው 24 ሺህ ከኪሱ ያወጣል። በናሽናል ጋርድና በሪዘርቭ ያሉ ደግሞ የትኛው የአገልግሎት ትእዛዝ እንደሚቆጠርና የትኛው እንደማይቆጠር በግምት መወሰን የለባቸውም። ቅጽ 22-1990 በቪኤ (በቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ተሞልቶ የሚመጣው የብቁነት ማረጋገጫ ደብዳቤ መቶኛውንም የቀሩትንም ወራት ይናገራል። ደብዳቤው ሳይደርስ ኮሌጅ መመዝገብ የለበትም።

ከዚያ ሕክምናው። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፣ ለቬተራን ደግሞ ለይቶ አደገኛ ነው። ለኮሜርሻል ሥራ ሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ሰርተፊኬት ይበቃል፤ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት አንደኛ ደረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንደኛ ደረጃውን መሞከር ይሻላል፣ መቅረቱ ካልቀረ ሁለት ዓመት ሳይፈስ ይታወቅ። ማመልከቻው የሚሞላው ሜድኤክስፕረስ በሚባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ሲሆን፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ በሕመም ምክንያት የአካል ጉዳት ጥቅም ተቀብለህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። ከቪኤ በየወሩ የዲስአቢሊቲ ክፍያ የሚቀበል ሰው መልሱ አዎ ነው። ለእንቅልፍ መታፈን፣ ለድብርት፣ ለፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ወይም ለማይግሬን የአካል ጉዳት መቶኛ ተሰጥቶት ቅጹ ላይ «የለኝም» ብሎ የሚጽፍ ሰው የፌዴራል ወንጀል እየሠራ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና 250 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ኤፍኤኤና ቪኤ መዝገባቸውን ያመሳክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የተለያየ ነገር በመናገር የተጠረጠሩ ወደ 4,800 የሚጠጉ አብራሪዎች ምርመራ ላይ መሆናቸው ይፋ ሆኗል።

ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ በራሳቸው በር አይዘጉም። ታክሞ የተረጋጋ፣ ሰነዱ የተሟላ ሰው ፈቃድ ያገኛል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የቪኤውን የውሳኔ ደብዳቤና የሕክምና ታሪኩን ይዞ፣ ኤፍኤኤ ለአብራሪዎች ምርመራ የፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ለምክር ብቻ መሄድ። ምርመራው አንዴ በይፋ ከተጀመረ ውጤቱ መላክ አለበት። ሐኪሙ መወሰን ካልቻለ ፋይሉ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የኤፍኤኤ የሕክምና ክፍል ይሄዳል፣ እዚያ ወራት ይቀመጣል። የተከለከለ ሰው ደግሞ በመንጃ ፈቃድ ብቻ ትንንሽ የስፖርት አውሮፕላን የማብረር መብቱንም አብሮ ያጣል። ሰርተፊኬቱ እጅ ሳይገባ የጂአይ ቢልን አንድ ወር እንኳ ማቃጠል ሞኝነት ነው።

ዜግነትም አንድ ቃል ይገባዋል። ለአሜሪካዊ ዜጋ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰርተፊኬት ኦሪጅናሉን ማሳየት ይበቃል። ግሪን ካርድ የያዘ ግን፣ ዩኒፎርም ለብሶ ያገለገለም ቢሆን፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱን የቲኤስኤን ማጣሪያ ማለፍ አለበት። በውትድርና ዜግነት ማግኘት የሚቻል ሆኖ ሳለ ወረቀቱን ሳይጨርሱ የሚወጡ አሉና፣ ቢቻል እሱ ይቅደም።

አሁን ወደ ወራቱ። ሙሉ መብት 36 ወር ነው። በመንግሥት ኮሌጅ የዶላር ጣሪያ ስለሌለ ሊያልቅ የሚችለው ጊዜው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በየሴሚስተሩ ለወጣው ወር ምን ተገኘ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የበረራ ላብ፣ ማለትም አውሮፕላን ላይ የሚወሰደው የተግባር ኮርስ፣ ብዙ ሰዓት ይበላል፣ ክሬዲቱ ግን ትንሽ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚበር ተማሪ ወረቀቱ ላይ 6 ክሬዲት ብቻ ሊኖረው ይችላል። 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ በሚባልበት ኮሌጅ 6 ክሬዲት ልክ ግማሽ ነው፣ የቤት አበል ደግሞ የሚከፈለው ከግማሽ በላይ ለተመዘገበ ነው። ያ ተማሪ ምንም አያገኝም። አንድ ክሬዲት ጨምሮ 7 ቢያደርገው 58 በመቶ ይሆንና ወደ 60 ተጠጋግቶ አበሉ ይገባለታል። ሁሉም ኮርስ በኦንላይን ከሆነ የሚታሰበው የአገር አቀፉ አማካይ ግማሽ ነው፤ አንድ በአካል የሚሰጥ ኮርስ ይህን ይቀይረዋል። በሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍት አበል የለም፤ ታኅሣሥና ጥር የግማሽ ወር ገንዘብ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

የበረራ ላብ ሌላም ጣጣ አለው፤ በጊዜው አያልቅም። ፓርት 141 በሚባለው የኤፍኤኤ ደንብ የሚሠራ ትምህርት ቤት ለግል አብራሪነት 35፣ ለኢንስትሩመንት (ውጭ ሳይታይ በመሣሪያ ተመርቶ ለማብረር) 35፣ ለኮሜርሻል 120 ሰዓት ይጠይቃል። እነዚህ ዝቅተኛዎቹ ናቸው፤ በ35 ሰዓት የግል ፈቃዱን የሚይዝ ተማሪ ብርቅ ነው። ከሲያትል ዙሪያ ኅዳር ላይ ዳመናው ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ዳመናው ውስጥ ደግሞ ክንፍ ላይ የሚጋገር በረዶ አለ፣ ትንንሾቹ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖችም ይህን የሚከላከሉበት መሣሪያ የላቸውም። ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ያለው ሞዝስ ሌክ ደረቅ ምድር ነው፣ የሚበረርበት ቀን ይበዛል። በየ100 ሰዓቱ አውሮፕላኑ ለምርመራ ይቆማል። ቼክራይድ (የፈቃድ ፈተና በረራ) የሚፈትን ሰው ለማግኘት ሳምንታት መጠበቅ አለ። በዚህ ሁሉ መሐል ሴሚስተሩ ይዘጋና ላቡ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ይመዘገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጠናቀቀ ቪኤ ኮርሱን እንዳልተወሰደ ቆጥሮ ገንዘቡን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ሕግ ወዲህ የትምህርት ክፍያውን ዕዳ በቀጥታ የሚጠየቀው ኮሌጁ ነው፤ ኮሌጁ ደግሞ ወደ ተማሪው ይዞራል። ስለዚህ በመጸው ሴሚስተር ሁለት የበረራ ላብ ደራርቦ መመዝገብ፣ በተለይ በሰሜን ምዕራብ፣ አይመከርም።

በኮርሱ ከተፈቀደው በላይ የተበረረ ሰዓት ከተማሪው ኪስ ሊወጣ ይችላል። አውሮፕላንና አስተማሪ በሰዓት 250 ዶላር ቢሆኑ፣ 15 ትርፍ ሰዓት 3,750 ነው። የፈታኙ ክፍያ በኮሌጁ ክፍያ ውስጥ ይካተታል አይካተትም የሚለውም ከመመዝገብ በፊት፣ ምዝገባውን ለቪኤ የሚያረጋግጠውን የኮሌጁን ሠራተኛ በኢሜይል ጠይቆ በጽሑፍ የሚያዝ መልስ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

አውሮፕላኑ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ አልፎ አልፎ ነው፤ መነሣት ግን አለበት። አንዳንድ ኮሌጅ የራሱ አውሮፕላኖችና አስተማሪዎች አሉት። ሌላው ክፍሉን ያስተምርና በረራውን ለግል ድርጅት በኮንትራት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አንዳንድ የሄሊኮፕተር ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ ለአንድ ተማሪ ከሩብ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለቪኤ አስከፍለዋል። በዚያው ሰበብ ቪኤ 85/15 የሚባለውን ደንብ ማጥበቅ ጀመረ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ክፍያቸው በቪኤ ወይም በራሱ በኮሌጁ የሚሸፈንላቸው ተማሪዎች ከ85 በመቶ ካለፉ አዲስ ቬተራን መመዝገብ ይቆማል። ቀድሞ የገባው ሳያቋርጥ እስከተማረ ድረስ ይቀጥላል፤ አንድ ሴሚስተር ያረፈ ግን ተመልሶ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ኮንግረስ ውስጥ በመንግሥት ኮሌጆች የበረራ ክፍያ ላይም ጣሪያ ይደረግ የሚሉ ረቂቆች በተደጋጋሚ ቀርበዋል። በኛ እምነት የሚያስፈልገው የኮንትራቱን ሰዓትና ዋጋ መቆጣጠር ነው። ጣሪያው ቢመጣ የሚጎዳው ዋጋ ያናረው ድርጅት አይደለም፤ በራሱ አውሮፕላን በልክ የሚያስከፍለው ኮሌጅና ተማሪው ናቸው።

የሁለት ዓመት ዲግሪው ሲያልቅ ከ36ቱ ወር 18 ገደማ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥያቄ ባችለር ዲግሪ ይቀጠል ወይስ ሥራ ይጀመር የሚለው ነው። በአየር መንገድ ለመቀጠር በተለምዶ 1,500 የበረራ ሰዓት ይፈለጋል። ኤፍኤኤ ከፈቀደለት ኮሌጅ 30 የአቪዬሽን ክሬዲት ያለበት የሁለት ዓመት ዲግሪ የያዘ፣ የኢንስትሩመንትና የኮሜርሻል ሥልጠናውንም በኮሌጁ የፓርት 141 ፕሮግራም የወሰደ፣ 21 ዓመት ከሞላው በ1,250 ይገባል። 60 የአቪዬሽን ክሬዲት ያለበት ባችለር ወደ 1,000 ያወርደዋል። ለወታደር የተባለው 750 ሰዓት በጦሩ ውስጥ ፓይለት ሆኖ ለሠለጠነ ብቻ ነው፤ መካኒክ ወይም እግረኛ የነበረን አይመለከትም። ሌላም ወጥመድ አለ፤ የኢንስትሩመንትና የኮሜርሻል ሥልጠናዎቹን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ ሰው፣ በሁለቱ መካከል ለዚህ የሚሆን ስምምነት ከሌለ የ1,000 ሰዓቱን ቅናሽ ላያገኝ ይችላል። ቢያገኝም ልዩነቱ 250 ሰዓት ነው። በወር 70 ሰዓት የሚያበር አስተማሪ ይህን አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ይሞላዋል። ባችለሩ ለራሱ የሚፈለግ ከሆነ 18ቱ ወር በቂ ነው፤ ለሰዓቱ ቅናሽ ሲባል ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ዓመት አይገባውም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ለተሰናበተ ሰው የጂአይ ቢል ማብቂያ ቀን ስለሌለው፣ ቀሪዎቹን ወራት አስቀምጦ ማስተማር መጀመር ይቻላል።