ጥቆማ የሚፈልግ ፖሊስ የጠቋሚውን ስም ይሸፍን

ፌዴራል ፖሊስ ዜጎች በስልካቸው ጥቆማ የሚልኩበት መተግበሪያ ሠርቷል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የፖሊስ ስልክ 991 አለ። ሰው ግን ጥቆማ ሲጠየቅ አሁንም ዝም ይላል። በየስብሰባው «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ክፍተት አለበት» ሲባል እሰማለሁ። አይመስለኝም። የኮንዶሚኒየም ቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ እዩ፤ የውሃ ቆጣሪ የተሰረቀበት፣ ታርጋ የሌለው መኪና ያየ፣ የካሜራ ቪዲዮ የለጠፈ ሞልቶበታል። ነዋሪው በስልኩ ሰፈሩን እየጠበቀ ነው። ግሩፑ ውስጥ ያላስገባው ፖሊስን ብቻ ነው።

ምክንያት አለው። የደርግን ቀበሌ፣ ኋላም አንድ ለአምስትን ያየ ሰው ስለ ጎረቤቱ ለመንግሥት መናገር ጆሮ ጠቢነት ይመስለዋል። ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ስለሆነ፣ መደወልም ስም ሰጥቶ መፈረም ነው። ሌባ ጠቁሞ በማግስቱ «መጥተህ ቃል ስጥ» የተባለ፣ ሌባው በዋስ ወጥቶ በሩ ላይ የጠበቀው ሰው ወሬ ደግሞ ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አይወስድበትም።

ድሮ ይህን ጣጣ ያውቁት ነበር። በአውጫጭኝ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው ግን በአደባባይ አይመሰክርም፤ ለታመኑ ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግራል፣ እሱም «ወፍ» ይባላል እንጂ ስሙ አይነሳም። ሰውን ከእርሻው ነጥሎ የሚያውለው ግዳጅ አይናፍቀኝም። ወፏ ግን ታስፈልገናለች።

ሕጉም አልዘነጋትም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 12 ስም የሌለው ጥቆማ፣ ነገሩ ከባድ ወይም ዝርዝር ያለው ከሆነና እውነት የሚመስል ከሆነ፣ እንዲመረመር ይፈቅዳል። ቂም ለመወጣት የሚጽፈውንም የሚገታው ይኸው ማጣሪያ ነው። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በበኩሉ ያተኮረው ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው፤ የቆጣሪ ሌባ የጠቆመች ባለሱቅ ብዙም አትጠለልበትም።

ስለዚህ መተግበሪያው ስም ሳይጠይቅ ለጥቆማው መለያ ቁጥር ይስጥ፤ ጠቋሚው በዚያ ቁጥር ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይይ። ስልኩ ለመርማሪው አይታይ። የጣቢያው አዛዥም ስንት ጥቆማ እንደደረሰውና በስንቱ ላይ እንደሠራ በወረዳ ስብሰባ ላይ ይናገር። የጎረቤትን የፖለቲካ አቋም የሚያወራ ጥቆማ ግን በዚህ በር አይግባ፤ አንዴ ከገባ ስለ ቆጣሪ ሌባ የሚነግረው አያገኝም።