ማሽላው ስንት ገባ?

ደሴ ላይ ዓለም ሳይታማ ቡና አይጠጣም። በቀደም አቦሉ ሳያልቅ ወሬው ሉላዊነት ላይ፣ አገር በሩን ለዓለም ገበያ መክፈቱ ላይ ደረሰ። አንዱ ጎረቤቴ “በሩን ካልከፈትን ወደኋላ መቅረታችን ነው” አለ፤ ሌላው “የተከፈተ በር ለሌባም ይመቻል” ብሎ መለሰለት። በረካው እስኪደርስ ሁለቱም ከያዙት ንቅንቅ አላሉም። እኔ ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ሰሞኑን ያነበብኩት መጽሐፍ ‘በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ’ የሚለው ጥያቄ ራሱ የተንሻፈፈ እንደሆነ ስላሳየኝ ነው።

መጽሐፉ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ያሳተመው ነው። (ኖቤል የተሸለመው ብዙ ቆይቶ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።) አንዱ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ነው፤ በውስጡም ሰፊውን ቦታ የያዘችው ወሎ ናት፤ እኛ “የ66ቱ” የምንለው። ሴን እንደሚለው ረሃቡ በከፋበት በ1973 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙ አልራቀም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር።

ይህቺን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኳት። በልጅነቴ የሰማሁት ሰማዩ እምቢ እንዳለ፣ የንጉሡ መንግሥትም ጉዱን እንደሸሸገ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እህል ከረሃብተኛው ደጅ እየተጫነ መሄዱን ግን ማንም አልነገረኝም። ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጥቷል። ገንዘብ ያልያዘን ሰው ቢርበውም ገበያ አያውቀውም፤ ነጋዴው የሚጭነው ብር ወዳለበት ነው። መንገድ አልነበረም እንዳንል የአዲስ አበባ አሥመራ አውራ ጎዳና በመሀላችን ያልፋል። የተራበው ሕዝብ ወጥቶ መኪና ያስቆም የነበረው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከቆላው በኩል ያለው አፋር ደግሞ የበጋ ግጦሹን አዋሽ ዳር ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ ነበር። ከብቱ ሲከሳ ዋጋው ወደቀ፤ አንድ ላም የምትገዛው እህል አነሰ።

ለእኔ ሉላዊነት ማለት ይኼ የላምና የእህል ሒሳብ ነው።

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ነበር። ባቲ ሉላዊነትን የኖረችው ቃሉ ሳይፈጠር ነው፤ የትም ይመታ የት 1780 የሚለው ዓመት የማይለወጠው የኦስትሪያው የብር ሳንቲም፣ ማርትሬዛ፣ ከሴቶች የብር ጌጥ መሀል ዛሬም አይጠፋም። ከፍየል ተራው ጥግ አንድ አዛውንት የሁለት ፍየሎች ገመድ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ቆመዋል።

“አባባ፣ ቀይዋ ስንት ናት?”

ሽቅብ ቁልቁል አዩኝ። “እሷን ተዋት ልጄ። በእህል ተራ በኩል ነው የመጣኸው? ማሽላው ስንት ገባ?”

ሳልጠይቅ ማለፌን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ መንገደኛ አዞሩ። ማሽላውን ሳያውቁ የፍየሏን ዋጋ እንዴት ይቁረጡ?

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፍየሉ ጉልበት ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ፣ የልብስ ፋብሪካዎች አንዱ ተስፋ ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው አጎዋ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ። ከተማዋ ከዚያ ሳታገግም ታኅሣሥ 23 ቀን ዋሽንግተን፣ በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ተጥሷል ብላ፣ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ቅጣቱ ለመንግሥት ነው ተባለ። መስፊያው ፊት የተቀመጠችው ልጅ ግን ከጉልበቷ ሌላ ለገበያ የምታወጣው የላትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የሆነውንም አይቻለሁ። ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ልጇ ሪያድ ያለች ጎረቤታችን የምትቀበለው ብር ሲበዛ ምርቃቱን አወረደችው። ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰናት፣ በወር ደመወዝ የሚያድር መምህር፣ ዘይቱን በሊትር መግዛት ትቶ በብርጭቆ ጀመረ። ዜናው አንድ ነው፣ ቤቱ ሁለት። “ተንታኞች” ግን እስካሁን ውሳኔው ጥሩ ነው መጥፎ ነው እያሉ ይነታረካሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ።

በሩማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል? በ66 እንኳ ለእህሉ ክፍት ነበር። እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሬዲዮው የዕለቱን የዶላር ምንዛሪ አንብቦ ሲጨርስ፣ ባቲ ላይ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደገዛች፣ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ቀን ስፌት ስንት ኪሎ ጤፍ እንዳወጣ አብሮ ያንብብልኝ። የዛሬውን ከአምናው ጋር እያስተያየ። ያ ቁጥር ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ መጋዘኑ ሙሉ ነው የሚል መግለጫ ቢወጣ አልተኛም።