ድሮ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝ መነጽር ደሴ መናኸሪያ በሰላም ገብቶ፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ጠፋ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ የመጣ ዕቃ እኛ ሰፈር ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ ለማወቅ መጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል፦ «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ድሮ ወፍጮ ቤቱ ከነበረበት ፊት ለፊት»። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዕቃውን የሚያደርሰው ልጅ ደግሞ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ደውሎ «አብሽር ጋሼ፣ አላጣውም» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚያው ሳምንት ሳስተምር የሰነበትኩት ሕዋስ ፕሮቲኖቹን ለይቶ ወደየክፍላቸው እንዴት እንደሚልክ ስለነበር ንዴቴ እጥፍ ሆነ። ሕዋስ አድራሻውን የሚጽፈው በፕሮቲኑ በራሱ አካል ላይ ነው። ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሕዋስ ክፍል የሚገባ ፕሮቲን ገና ራይቦዞም በሚባለው የፕሮቲን መሥሪያ ላይ ተሠርቶ ሳያልቅ፣ ከ15 እስከ 30 የሚደርሱ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች) ያሉትን ምልክት አስቀድሞ ብቅ ያደርጋል፤ ይህን ምልክት የሚያውቅ ተቀባይ ይይዘውና ሥራውን ለጊዜው ገታ አድርጎ ከነራይቦዞሙ በሩ ድረስ ይሸኘዋል። ፐሮክሲዞም ወደሚባለው ሌላ የሕዋስ ክፍል ለሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በጭራው ጫፍ ላይ ያሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ይበቁታል። እኛ ግን «ድሮ» ብለን ጀምረን ሦስት መስመር ብንሞላም ከቤት አንደርስም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት አብዝቼ ስለምወድ ያለ ቦታውም ቢሆን እጠቅሰዋለሁ፤ እዚህ ግን ቦታው ነው። የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ የሚሄድ ፕሮቲን መንገድ ላይ ተጣጥፎ ቅርጽ ከያዘ በጠባቡ በር አያልፍም፤ ስለዚህ ረዳት ፕሮቲኖች እንዳይታጠፍ ደግፈው ያደርሱትና ወገቡን የሚታጠቀው ከገባ በኋላ ነው። የዘር መረጃው የሚቀመጥበት ኒውክለስ ደግሞ እንደ ባላባት ግቢ ለብሰው ታጥቀው የመጡትን ያስገባል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ፈተና ላይ ግን ተረቱን አሳምረው ጽፈው ፕሮቲኑን ይረሱታል።

ከመነጽሩ በፊት የቅቤው ነገር ነበረ። ከዓመታት በፊት አክስቴ ከወረኢሉ አንድ ጣሳ ቅቤ በሰው እጅ ላከችልኝ፤ አድራሻው ያው ወፍጮ ቤቱ ነው። መልእክተኛው ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ማዶ ላሉት ጎረቤታችን አስረከበ። እሳቸውም «ሲሳይ በሩን ያውቃል» ብለው ተቀበሉት፤ ለዒድ ሠሩበት፤ ደግ ሰው ናቸውና እኛንም ጠሩን። በገዛ ቅቤዬ ያበደ ወጥ እየጎረስኩ «እጅዎ ይባረክ» ማለቴን ሳስታውስ እስካሁን ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ቅቤው አልተበላሸም፤ ቤት ብቻ ነው የሳተው። ሃይፐሮክሳሉሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፦ በጉበት ፐሮክሲዞም ውስጥ መሥራት የሚገባው ኢንዛይም ወደ ማይቶኮንድሪያ ይሄዳል። የመሥራት ዐቅሙ አብሮት አለ፤ ሥራው ግን ሌላ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በዚህ መሀል ኦክሳሌት የሚባል ጨው ይጠራቀምና ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ወዲህ ነው። ወደ ሬቲኩለሙ የሚገባው ፕሮቲን በሩን ሲያልፍ የአድራሻ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይጣላል፤ ሥራውን ጨርሷልና። እኛ ዘንድ ቤቱ ፈርሶ አድራሻው ይቀራል! እያንዳንዳችን የቤት ቁጥር አለን፤ በራችን ላይ በቆርቆሮ ተቸንክሮ ዝጓል፤ አንድም ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። እርግጥ ነው፣ የኒውክለስ ፕሮቲኖች ምልክት አይቆረጥም፤ ሕዋሱ ሲከፈል የኒውክለሱ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ስለሚሠራ ፕሮቲኖቹ ዳግመኛ መግባት አለባቸው። ጎረቤቶቼ ይህን ቢሰሙ «ወፍጮ ቤቱም አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል» ብለው አፌን ባስያዙኝ ነበር።

የፈረሰ የሚሠራበት አገርማ አለ። ፕሮቲን አድራሻውን በራሱ ላይ ይዞ እንደሚጓዝ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጉንተር ብሎበል፣ ገንዘቡን በልጅነቱ ላያት ለድሬስደን ከተማ ሰጠ፤ በ1945 በቦምብ ድብደባ የፈረሰው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ ነበር፤ በ2005 ተመረቀ። እኛ ወፍጮ ቤቱን አንሠራው፣ ስሙንም አንለቀው።

መነጽሩ ሰኞ ማታ ተገኘ። የት እንደነበር መገመት አይከብድም፤ ቅቤው የገባበት ቤት ነው። በሕዋስ ሕግ እየተመራሁ መጠቅለያው ላይ የተለጠፈውን አድራሻ በምላጭ ቆርጬ ከሰል ላይ ጣልኩትና መነጽሩን አጠለቅሁ። ጦሳ ተራራ ሁለት ሆኖ ታየኝ። የሌላ ሰው መነጽር ነው፤ የላኪው ሱቅ ስልክ ቁጥር ደግሞ ያቃጠልኩት ወረቀት ላይ ነበር።