ለራስ ሲቆርሱ

ናይሮቢ ነው፤ ግንቦት 2013 እ.ኤ.አ.። ፓርላማው በር ላይ አሳማዎች ተለቀቁ። ቀልድ አይደለም፣ የምር አሳማ። የፎቶ ጋዜጠኛ የነበረው አክቲቪስት ቦኒፌስ ምዋንጊና ጓደኞቹ አስፋልቱ ላይ ደም አፈሰሱና አሳማዎቹን ለቀቋቸው። አሳማዎቹም የተከበሩት የሕዝብ ተወካዮች በሚገቡበት በር ላይ ደሙን ይልሱ ጀመር። ፖሊስ መጣ፣ አስለቃሽ ጭስ መጣ። ሰልፈኛ መቼም ጭስ ሲያይ ይበተናል። አሳማ ግን ስለ ሰልፍ አዋጅ የሰማው ነገር የለም።

ጠቡ የደሞዝ ነበር። አዲሶቹ ተወካዮች በመጋቢት ተመርጠው ገብተዋል። ወንበሩ ገና አልሞቀም። ከነሱ በፊት የነበሩት በወር 851 ሺህ ሽልንግ ያገኙ ነበር። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ግን «ከእንግዲህ ደሞዛችሁን የምትቆርጡት እናንተ አይደላችሁም» ብሎ ራሱን የቻለ የደሞዝ ኮሚሽን አቋቁሟል። ኮሚሽኑ ቁጭ ብሎ አሰላና 532 ሺህ ግድም ይበቃል አለ። ተወካዮቹ ይህን ሲሰሙ ለሀገር ጉዳይ ተነሥተው በማያውቁት ፍጥነት ተነሡ። ተሰብስበውም የኮሚሽኑን ውሳኔ የሚሽር ድምፅ ሰጡ። አሳማዎቹ የመጡት ጠቡ እንደጋለ፣ ድምፁ ገና ሳይሰጥ ነው።

የቀድሞዎቹን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። እነሱ በጥር ወር ሊሰናበቱ ሲሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 9.3 ሚሊዮን ሽልንግ ያህል የመሸኛ ገንዘብ እንዲሰጣቸው ወሰኑ። ፕሬዝዳንት ኪባኪ ከጥቂት ወራት በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ መልሰውባቸው ነበር። ቢሆንም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በስዋሂሊም ሳይኖር አይቀርም። ደግሞ ገንዘብ ብቻ አልጠየቁም። የዲፕሎማት ፓስፖርት አሉ። የታጠቀ ጠባቂ አሉ። ኤርፖርት ላይ የቪአይፒ ማረፊያ አሉ። በመጨረሻም ሲሞቱ መንግሥት በክብር እንዲቀብራቸው ወሰኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። እኛ ለቀብራችን በየወሩ እድር እንከፍላለን። ድንኳኑንም ወንበሩንም ያዋጣነው ራሳችን ነን። የናይሮቢዎቹ በአንድ ስብሰባ መንግሥትን እድራቸው አደረጉት። ያውም ያለ መዋጮ።

እንዴት ሆኖ ሰው እዚህ ይደርሳል ብዬ ራሴን ሞከርኩት። ማታ ቤቴ ተቀምጬ የራሴን ደሞዝ የሚወስን ምክር ቤት ከፈትኩ። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል፤ እኔ አለሁ። አጀንዳው ቀረበ። የኑሮ ውድነቱ በዝርዝር ተብራራ፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ጥሩ ማብራሪያ ነበር፤ ልቤ ተነካ። የሚደግፉ? አንድ። የሚቃወሙ? የሉም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መጀመሪያ ያሰብኩት የሃያ በመቶ ጭማሪ ነበር። ውይይቱ ሲያልቅ እጥፍ ሆኗል። ደግሞ ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ሦስት እጥፍ አለመሆኑ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ያሉት አበው እኔን አያውቁኝም፤ ግን አውቀውኛል።

እነዚሁ አበው ታዲያ ተረቱን ብቻ ነግረውን አልሄዱም፤ መድኃኒቱንም ትተውልናል። ለዓመት በዓል ቅርጫ ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ሰንጋው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው ቅጠል ወይ ሸራ ላይ መደብ በመደብ ይደረደራል። ቢላ የያዘው ሰው ከዳቢቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ለየመደቡ ይጥላል። ባለድርሻው ዙሪያውን ቆሞ ዓይኑን አይነቅልም። «ኧረ ጋሼ፣ ያቺ ዳር ያለችው ሻኛ አነሳት» ይላል አንዱ። «እዚህ አጥንት በዝቷል» ይላል ሌላው። ጋሼ ቆንጠር ያደርጉና ይጨምራሉ፣ ደግሞ ከዚያኛው ያነሣሉ። በጉበት ላይ የሚደረገው ክርክር ለብቻው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ሥጋው ተደላድሎ ሲያልቅ ግን «ይሄ የኔ ነው» ብሎ የሚያነሣ የለም። ሁሉም ምልክቱን ይሰጣል። አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር። ሲከፈል ያላየ ልጅ ከጓሮ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርጋል። ዕጣ ነው። ጋሼ እኩል የሚቆርጡት ቅን ሰው ስለሆኑ አይደለም። ቅን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ቅርጫ በሰው ቅንነት አይመካም። የትኛው መደብ እንደሚደርሳቸው አያውቁም። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

አሜሪካዊው ጄምስ ማዲሰን ቅርጫ ገብቶ አያውቅም። ነገሩ ግን ገብቶታል። በ1789 ለሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ሲያቀርብ አንዷ አንቀጽ እንዲህ የምትል ነበረች፦ ኮንግረስ የራሱን ደሞዝ ቢቀይር፣ ለውጡ የሚጸናው ምርጫ ከተካሄደ በኋላ ይሁን። ጨምሩ፣ ግን ለማን እንደምትጨምሩ አታውቁም ማለት ነው። መራጩ ሕዝብ ያ ከጓሮ የተጠራው ልጅ ነው። ምልክታችሁን መደቡ ላይ ይጥለዋል፣ ወይም ወደ ቤታችሁ ይመልሰዋል።

በቂ ግዛቶች ሳያጸድቋት ቀሩና አንቀጿ መሳቢያ ውስጥ ተኛች። አንቀጿ ስትተኛ ኮንግረስ አልተኛም። በ1816 በቀን 6 ዶላር የነበረውን ክፍያ በዓመት 1,500 አደረጉት። ሕዝቡ ተቆጣ። በቀጣዩ ምርጫ ከተወካዮቹ ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። ትምህርት ይሆናቸዋል ብላችኋል? በ1873፣ የሥራ ዘመናቸው ሊያልቅ በተቃረበበት የመጨረሻ ሰዓት፣ ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር አሳደጉት። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ጭማሪው ወደ ኋላ ሄዶ ያለፉትን ሁለት ዓመታት እንዲጨምር አደረጉ። ተሸንፈው ዕቃቸውን የሚሸክፉት ሳይቀሩ 5,000 ዶላር ይዘው ሊወጡ ነው። ጩኸቱ ሲበረታ አንዳንዶቹ ገንዘቡን ለመንግሥት ካዝና መለሱ፤ ሕጉም በዓመቱ ተሻረ። የወደፊቱን ደሞዝ ስለመጨመር ያለው ክርክር ይገባኛል። ያለፈውን መጨመር ግን፣ የበላኸውን ምሳ ዛሬ እንደገና መራብ ይመስለኛል።

ማዲሰንን ከመሳቢያ ያወጣው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ተማሪ ነው። በ1982 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ግሪጎሪ ዋትሰን ስለዚህች የተረሳች አንቀጽ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ጻፈ። አንቀጿ የጊዜ ገደብ ስላልተቀመጠላት ዛሬም ልትጸድቅ ትችላለች አለ። የተሰጠው ውጤት «ሲ» ነው። እልህ ያዘው። ለየግዛቱ ምክር ቤት ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ በራሱ ወጪ፣ ዓመት ከዓመት። በ1992 አንቀጿ ጸደቀችና 27ኛው ማሻሻያ ሆነች። ለመጽደቅ ከ202 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ዩኒቨርሲቲው በ2017 ውጤቱን ወደ «ኤ» ቀየረለት። አንዲት ውጤት ለማስቀየር ሕገ መንግሥት ማሻሻል ካለብህ፣ አስተማሪው ምን ያህል ጠጣር እንደነበር አስቡት። እኔ የማውቃቸው አስተማሪዎች በዚህም አይለወጡም ነበር።

አሁን አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ከሯል። የኮንግረስ አባል ደሞዝ ከ2009 ጀምሮ 174,000 ዶላር ላይ ቆሟል። ሕጉ በየዓመቱ በራሱ ይጨምርላቸው ነበር። እነሱ ግን በየዓመቱ «አንፈልግም» ብለው ያግዱታል። መራጭን ስለሚፈሩ ነው። ለዋሽንግተን ኪራይ ላለመክፈል ቢሮአቸው ውስጥ የሚያድሩም አሉ። ይህንን ሰምቶ ያላለቀሰ ወገን ቢኖር አልፈርድበትም።

ይሁንና አትክፈሏቸው የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ አልተስማማንም። እንግሊዞች ሞክረውታል። እስከ 1911 ድረስ የፓርላማ አባል ደሞዝ አልነበረውም። ደሞዝ የማይከፈለው ተወካይ ማለት ደሞዝ የማያስፈልገው ተወካይ ማለት ነው። ባለ ርስት፣ ባለ ፋብሪካ፣ ያባቱ ልጅ። የቀን ሠራተኛውማ ለሕዝብ ልቁም ቢል ልጆቹ ምን ይበላሉ? ለዚህ ነው በ1838 ቻርቲስት የሚባሉት የሠራተኛ ንቅናቄ ሰዎች ከስድስት ጥያቄዎቻቸው አንዱን «ለፓርላማ አባላት ደሞዝ ይከፈል» ያደረጉት። ድሃው ራሱ ነው ክፈሏቸው ያለው። በ1911 ተፈቀደ፣ በዓመት 400 ፓውንድ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ነገር የት ደረሰ ብትሉ፣ ዳክዬ ቤት ደረሰ። በ2009 የእንግሊዝ ተወካዮች የወጪ ደረሰኝ አደባባይ ሲወጣ፣ ፒተር ቪገርስ የተባሉት የተከበሩ አባል በኩሬያቸው ላይ ለምትንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቀው ተገኙ። ሌላው በቤታቸው ዙሪያ ያለውን የውሃ ቦይ ያስጠረጉበትን ወጪ አካትተዋል። የዳክዬ ቤቱ ገንዘብ አልተከፈላቸውም። ሰውዬው በኋላ ያሉት ነገር ነው የገደለኝ፦ ዳክዬዎቹም ቤቱን አልወደዱትም። ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለራሱ የተቆረሰውን አልፈልግም ያለው ዳክዬ ብቻ ነው።

እንግሊዞችም እንደ ኬንያ ገለልተኛ ተቋም አቆሙ። ተቋሙ በ2015 ደሞዙን ከ67,060 ወደ 74,000 ፓውንድ ከፍ አደረገው። አሁን ደግሞ ሌላ ቲያትር ተከፈተ። የፓርቲ መሪዎች ሳይቀሩ «ጊዜው አይደለም! እኛ አልጠየቅንም!» እያሉ ተቃወሙ። ሕጉ ግን መከልከል አይፈቅድላቸውም። ሠርግ ቤት «ኧረ በቃኝ፣ በቃኝ» እያለ ሳህኑን የማያነሣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል?

ደሞዝ መቼም በር ላይ ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። ነገር የሚገባው በመስኮት ነው፤ የመስኮቱ ስም አበል ነው። ኬንያውያኑ ጠቡ ሲበርድ 532 ሺዋን ተቀበሉ። አብረው ግን ለመኪና መግዣ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ተቀበሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥም በ2025 ሕዝቡን አደባባይ ያወጣው ደሞዝ አልነበረም፤ በወር 50 ሚሊዮን ሩፒያ የቤት አበል ነበር፤ የጃካርታን ዝቅተኛ ደሞዝ አሥር እጥፍ ገደማ። በተቃውሞው መሐል አንድ የሞተር ታክሲ ሹፌር በፖሊስ መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ሀገሩ ተቀጣጠለ። አበሉ የተሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

እኛ ሀገር ሰው በአበል አይስቅም፣ ያውቀዋላ። አጀንዳው አንድ ገጽ ነው። ስብሰባው ሦስት ቀን ነው። ቦታው ቢሾፍቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ አለው፣ ወንበር አለው፣ ፕሮጀክተርም አለው። ግን እዚያ ሐሳብ አይመነጭም፤ ሐሳብ ሐይቅ ማየት አለበት። የውሎ አበሉን ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ የሚያጸድቀውና የሚፈርምበት ሰው አንድ መኪና ውስጥ ነው የሚሄዱት። እንደ ፓርላማ አይጮኽባቸውም። አሳማ ይዞ ቢሾፍቱ ድረስ የሚሄድ ማን አለ?

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ካፌ ቁጭ ብለን ሳወራው ማኪያቶውን እያማሰለ አቋረጠኝ።

«እሺ፣ ራሳቸው አይወስኑ። ኮሚሽን ይወስን። ኮሚሽኑን ማን ይሾመዋል?»

«ፓርላማው ያጸድቃል።»

«የኮሚሽኑንስ በጀት?»

«ፓርላማው።»

«በቃ፣ ቢላውን ልጁ ያዘው እንጂ ልጁ የጋሼ ልጅ ነው» አለ።

መልስ አጣሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የተወካይ ደሞዝ ከመምህር ደሞዝ ጋር ይታሰር አልኩት። ለመምህሩ መቶ ብር ሲጨምሩ፣ ለነሱም መቶ ብር። ለመምህሩ ካልጨመሩ፣ ለነሱም የለም። ያኔ ለትምህርት ከነሱ በላይ የሚከራከር አይገኝም። በየስብሰባው ስለ መምህር ሲያነሡ እንባ ይተናነቃቸዋል።

ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ።

«ደሞዙን ይስማማሉ» አለ። «የጠመኔ አበል ብቻ ይጨመርልን ይላሉ።»

«ስንት?»

«አምስት ሚሊዮን። ጠመኔው በምን ይጓጓዛል ታዲያ?»