ከአምፑ ወይስ ከስፒከሩ?

ጥያቄው አጭር ነው። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ ሊያዳምጥበት ቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፁን በመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ መሣሪያ፤ ባጭሩ አምፕ) ለመግዛት ቆርጧል። ከየትኛው ይጀምር? አምፑን መርጦ ስፒከር ይፈልግለት ወይስ ስፒከሩን መርጦ አምፕ ይፈልግለት? ሁለት ተከራካሪዎች ጽፈውልናል።

አምፑ ይቅደም

ሰው ወደ ቲዩብ የሚመጣው ጉልበት ፈልጎ አይደለም። ጉልበትማ ትራንዚስተር በርካሽ ይሰጠዋል። የሚመጣው ድምፁን ወዶ ነው። ታዲያ የወደደውን ነገር ወደ ጎን ብሎ ከስፒከር ሳጥን ምርጫ የሚጀምረው ለምንድነው?

የእኔ ምርጫ ሲንግል ኤንድድ የሚባለው ነው። በየቻናሉ (በግራና በቀኝ) አንድ የኃይል ቲዩብ ብቻ፣ በተለይ 300ቢ የሚባለው። ይህ ቲዩብ ከ1930ዎቹ የመጣ ነው፤ ዛሬም ይመረታል። የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ማታ ሳሎን ውስጥ በልኩ ከፍተን ስናዳምጥ ስፒከሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ከ1 ዋት በታች ነው። ወሳኙ ያ የመጀመሪያው ዋት ነው።

ፑሽ ፑል አምፕ ውስጥ ሁለት ቲዩቦች ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሲንግል ኤንድድ ውስጥ ግን አንዱ ቲዩብ ሞገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን ይሸከማል። የሚጨምረው መዛባትም በአብዛኛው ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የኖታው ንዝረት እጥፍ ነው። ዘፋኟ በ220 ኸርዝ ስታዜም አምፑ በስሱ 440 ይጨምርላታል። ያው ኖታ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። ጆሮ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ድምፁ ሥጋ ለብሶ ይሰማዋል።

ስፒከሩ ይቅደም

ወንድሜ፣ ስለ መጀመሪያው ዋት ያልከው ልክ ነው። ሙዚቃ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከበሮው ሲመታ፣ ፒያኖው በኃይል ሲነካ ድምፁ ከአማካዩ 15 ወይም 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ይዘላል። 20 ዴሲቤል ማለት 100 እጥፍ ጉልበት ነው። ሩብ ዋት ሲወስድ የነበረው ስፒከር ለአንድ አፍታ 25 ዋት ይጠይቃል። ያንተ አምፕ ያለው 8 ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። የስፒከር ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይነግረናል። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ትንሽ ስፒከር 85 አካባቢ ነው። 8 ዋት ሲሰጡት 9 ዴሲቤል ይጨምራል፤ 94 ይደርሳል። ያም 1 ሜትር ላይ ነው፤ ሶፋው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል። አሁን አምፑን ሳትነካ 97 የሆነ ስፒከር አምጣ። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ነው። በ85ቱ ስፒከር እዚያ ለመድረስ 16 እጥፍ ገደማ ጉልበት፣ 128 ዋት ያስፈልግሃል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ኢምፒዳንሱ ነው፤ ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ ማለት ነው፣ በኦም ይለካል። ሳጥኑ ላይ «8 ኦም» ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው ቁጥር ከኖታ ኖታ ይለያያል። አንዱ ጋ 3 ኦም ይወርዳል፣ ቤዙ ጋ 25 ይወጣል። ያለ ፊድባክ (ከአምፑ መውጫ ወደ መግቢያው የሚመለስ ማረሚያ) የሚሠራ ሲንግል ኤንድድ አምፕ ደግሞ የራሱ የውስጥ ኢምፒዳንስ አለው። 2.5 ኦም ነው እንበል። ሁለቱ ሲገናኙ 25 ኦም የሆነው ቦታ 3 ኦም ከሆነው ቦታ ከ4 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ይወጣል። ይህ በጆሮ በደንብ የሚለይ ነው። ስለዚህ «የአምፑ ድምፅ» ብለህ የወደድከው ነገር ብዙው የተሠራው ከስፒከሩ ጋር ነው። ሌላ ስፒከር ላይ ያው አምፕ ሌላ ድምፅ አለው። አምፑን ብቻውን ለድምፁ መምረጥ ቀሚስ ሰፍቶ የሚለብሰውን ሰው እንደመፈለግ ነው።

አምፑ ይቅደም

እህቴ፣ ስሌትሽን አልክድም። ግን ከስፒከር የሚጀምር ሰው በተግባር ምን ያደርጋል? ትንሽ ሳጥን ይወዳል፣ ከውስጡ ደግሞ ወፍራም ቤዝ እንዲወጣ ይፈልጋል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም፤ አንዱ መቅረት አለበት። ሁልጊዜ የሚቀረው ሴንሲቲቪቲው ነው። ከዚያ ቲዩብ አምፕ ይገዛና ልፍስፍስ አለብኝ ብሎ ይመልሰዋል።

አምፑን ያስቀደመ ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ አይገባም። 8 ዋት እንዳለው ስለሚያውቅ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ሆርን ስፒከር፣ ድምፁን በጥሩምባ መሰል አፍ ወደሚያጎላው፣ ይሄዳል። እነዚህ ከየትም አልመጡም። ክሊፕሽሆርን የሚባለው ትልቅ ሆርን ስፒከር በ1940ዎቹ ሲወጣ ሰው ቤት የነበረው አምፕ ጥቂት ዋት ብቻ ነበረው። ስፒከሩ የተሠራው አምፑን አይቶ ነው።

ስፒከሩ ይቅደም

ክሊፕሽሆርንን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባው እስቲ። ሁለት ነጻ ማዕዘኖች ይፈልጋል። ትልልቅ ሆርኖች ድምፃቸው እስኪዋሃድ ድረስ ራቅ ብሎ መቀመጥም ይጠይቃሉ። ክፍሉን መቀየር የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ክፍሉ ስፒከሩን ይወስናል፣ ስፒከሩ አምፑን።

ሴንሲቲቪቲው ዝቅተኛ የሆነ ሁሉ ለቲዩብ አይሆንም ማለትም አይደለም። የቢቢሲው ትንሽ ስፒከር ኤልኤስ3/5ኤ 83 ዴሲቤል ገደማ ነው። በስሌቱ ቢሆን ቲዩብ አጠገብ መድረስ አልነበረበትም። ግን የመጀመሪያው ስሪት 15 ኦም ነበር፤ አምፑን አያስጨንቅም። ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ቀረብ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው፣ ኢኤል34 በሚባሉ ቲዩቦች በተሠራ፣ 30 ዋት በሚሰጥ ፑሽ ፑል ሲነዳ ዘፋኙ ፊት ለፊትህ የቆመ ይመስልሃል። በአምፕ ብትጀምር ይህን ጥንድ መቼም አታገኘውም ነበር።

አምፑ ይቅደም

ክፍሉ ጠባብ ለሆነበት ሰው 300ቢ ውሰድ ብዬ አልሟገትም። ይህን ትቼልሻለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያየው። የአምፑ ጀርባ ላይ 4፣ 8፣ አንዳንዴም 16 ተብለው የተጻፉ ተርሚናሎች አሉ። ስፒከሩ 8 ኦም ነው ተብሎ 8 ላይ ታስሮ ይቀራል። 4 ላይም ሞክሩት። ከፍተኛው ጉልበት ይቀንሳል፤ የአምፑ የውስጥ ኢምፒዳንስም አብሮ ይወርዳል፣ ቤዙም ይጠብቃል። ቅድም ያልሽው የ4 ዴሲቤል ችግር በዚህ ይቀላል። ሽቦ ስትቀይሩ መጀመሪያ አምፑን አጥፉ። ስፒከር ሳይታሰር አምፑን ማስነሳት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑን ደግሞ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ይችላል።

ለ8 ዋት አምፕ ደግሞ መስመሩን እዚህ ላይ አሰምራለሁ፤ ከ92 ዴሲቤል ያላነሰ፣ ኢምፒዳንሱም ከ6 ኦም የማይወርድ ስፒከር።

ስፒከሩ ይቅደም

6 ኦሙን ተቀብያለሁ። 92 ግን ለድምፃዊና ለትንሽ ጃዝ ባንድ ነው። ሙሉ ኦርኬስትራ ለሚያዳምጥ ሰው ከ96 በታች አልወርድም። ለዚያ የሚሆን ቦታ ከሌለው 8 ዋቱን ትቶ ፑሽ ፑል ይያዝ።